ካቻቢቴው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል፦ የኪስ መሣሪያ አመራረጥ

ዓምና ክረምት ከማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ስድስት ዓምድ አሰመርኩ። ስለት፣ መቀስ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መክፈቻ፣ ወረንጦ። ከኪሴ መሣሪያ ባወጣሁ ቁጥር ከአንዱ ሥር ጭረት እጥላለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየሁ። ሥራዬ ሶላር መትከልና መጠገን ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ጎዛምን፣ ማቻከል፣ ሰናን እያልኩ እዞራለሁ። ስለዚህ ካቻቢቴ ብዙ ጭረት ቢያገኝ አይገርምም። የገረመኝ ስለቱ ነው። ከሁሉም ያነሰ ጭረት ያገኘው እሱ ሆነ። ወረንጦ እንኳ በለጠው። እሾህ የበዛበት አገር ነን መቼም።

ሰው ግን ሰንጢ ሊገዛ ሲቆም መጀመሪያ የሚከፍተው ስለቱን ነው። በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርገዋል። ከክንዱ ላይ ፀጉር ይላጭበታል። "ኧረ ይሄ ምላጭ ነው!" ይላል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። አዲስ ስለት ሁሉ ይላጫል። ርካሹም ይላጫል። ልዩነቱ የሚታየው ከወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ የለም።

እኔ ስለቱን መጨረሻ ላይ እዩት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ካቻቢቴውን፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ ከዚያ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን። እነዚህ ደህና ከሆኑ ስለቱ መጥፎ የሆነበት መሣሪያ እስካሁን አልገጠመኝም።

ታሪኩም ከካቻቢቴ ነው የሚጀምረው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1880ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንድ ጦር ሽሚት ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ያስገባል። ጠመንጃውን ለመፍታት ካቻቢቴ ያስፈልጋል። የወታደሩ ስንቅ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። ስለዚህ ጦሩ ካቻቢቴና ቆርቆሮ መክፈቻ ያለው የሚታጠፍ ሰንጢ ፈለገ። በ1884 ኢባክ በምትባል ቦታ የቢላዋ ሥራ የጀመረው ካርል ኤልስነር በ1891 ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውንና ብዙ መሣሪያ የያዘውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ቪክቶሪኖክስ የሚለው የድርጅቱ ስም የተገጠመው ከእናቱ ከቪክቶሪያ ስምና ፈረንሳዮች የማይዝግ ብረት ከሚጠሩበት "ኢኖክስ" ነው።

ሌላው ሰው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ነው። በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ይዞራል። መኪናው ይበላሻል፤ የሆቴሉ ቧንቧ ያፈሳል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰንጢ ፒንሳ የለውም። ባለ ፒንሳውን መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ እስኪያቀርብ 1983 ደረሰ። ፊያት ነድቶ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ይረዳዋል።

ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ

ከሁሉም የሚያንሰው ዓይነት ሲታጠፍ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሽ ጣት ያህል። የቪክቶሪኖክስ ክላሲክ ኤስዲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሆነ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና ስቴኪኒ አለው። በቃ።

"ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው" የሚል ብዙ ነው። እኔም ብዬ ነበር። ቢሮ ለሚውል ሰው፣ ለመምህር፣ ለተማሪ፣ ቦርሳ ለምትይዝ ሴት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የልብስ ክር፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የማዳበሪያ አፍ የተሰፋበት ሲባጎ፣ የሪሞት ባትሪ ክዳን፣ የልጅ እግር ላይ የተሰካ እሾህ። የከተማ ሰው ቀን ከዚህ አይዘልም። መቀሱ ከመጠኑ በላይ ጎበዝ ነው።

ጉድለቱም አይጠፋም። እውነተኛ የመስቀል ካቻቢቴ የለውም። ጠንከር ያለ ብሎን ላይ ከታገላችሁ የሞረዱ ጫፍ ይጣመማል። የመቀሱ ስፕሪንግ ስስ ነው፤ ይሰበራል። ከሁሉም በላይ ግን ይጠፋል። ከቁልፍ ጋር ካላሰራችሁት በሳምንቱ የለም።

መካከለኛው፣ እጅ የሚሞላው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው መግዛት ያለበት ይህን ነው ብዬ ስለማምን።

መጠኑ 91 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዩን ባለ መስቀል ሰንጢ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ "ስዊስ ሰንጢ" ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ስፓርታን የሚባለው ሁለት ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ወስፌና የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀያ አለው። ቲንከር ማለት ቡሽ መንቀያው ወጥቶ በቦታው የመስቀል ካቻቢቴ የገባበት ነው። ሱፐር ቲንከር መቀስ ይጨምራል። ሃንትስማን መቀስም መጋዝም አለው፤ ጀርባው ላይ ግን ቡሽ መንቀያው ተመልሶ ይመጣል።

ለኛ የትኛው ይሻላል? ጠላ ቡሽ የለውም። አረቄም የለውም። የመስቀል ብሎን ግን የሌለበት ነገር የለም። ሬዲዮው፣ ሶኬቱ፣ ማከፋፈያው፣ የባጃጁ መስታወት፣ የሶላር መቆጣጠሪያው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ፕላግ። ስለዚህ እኔ ያለ ብዙ ማሰብ ሱፐር ቲንከር እላለሁ። ለቡሽ መንቀያው ፍርድ ለመስጠት ያህል፣ የጠበቀ ቋጠሮ ለመፍታት ከጣትም ከጥርስም ይሻላል። የጭነት ገመድ ዝናብ ጠጥቶ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ነጋዴ ስፓርታን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ካቻቢቴው ከሰንጢው ጀርባ መሐል ላይ ነው የሚወጣው። ሲከፈት ከእጀታው ጋር ቲ ይሠራል። ይህ ጉልበት ይሰጣል፤ የዛገ ብሎን ይነቅላል። ጠባብ ቦታ ላይ ግን እጀታው ግድግዳ ይመታል። ያኔ ቆርቆሮ መክፈቻው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትናንሽ የመስቀል ብሎኖችን ትፈታለች። እኔ ከትልቁ ይልቅ እሷን የምጠቀምበት ቀን አለ።

አሁን ወደ አደጋው። ይህ ሰንጢ አይቆለፍም። ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ወይም ወደ ታች ስትቆርጡ ምንም አይልም። ስትወጉበት፣ ስትሰረስሩበት፣ የስለቱ ጀርባ ላይ ጫና ሲያርፍ ግን ይታጠፋል። የሚታጠፈው ደግሞ ጣታችሁ ላይ ነው። ሸንኮራ አይላጥበትም። ጀሪካን አይበሳበትም። ለመብሳት ወስፌው አለ፤ እሱም ቢሆን ጣት ከመታጠፊያው መንገድ ከወጣ በኋላ። የሚቆለፍ ከፈለጋችሁ ቪክቶሪኖክስ 111 ሚሊ ሜትር የሆኑትን ይሠራል፤ ኪስ ግን ይሞላሉ።

የስለቱ ብረት ጥንካሬ 56 ሮክዌል አካባቢ ነው። ይህ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። በተግባር ሲታይ ቶሎ ይደንዛል፤ ቶሎም ይሳላል። መሳያ ድንጋይ እንደልብ ለማያገኝ ሰው ይህ በጎ ነገር ነው። በጣም ጠንካራ የተባሉት ብረቶች አንዴ ከደነዙ እዚህ የሚስልላችሁ የለም።

ባለ ፒንሳው

ሰኔ ላይ ሰናን አጎቴ ዘንድ ነበርኩ፤ ጮቄ ሥር። ለእርሻ የተጠመደ አንድ በሬ ማነከስ ጀመረ። አጋድመው ሲያዩት ሰኮናው ውስጥ ምስማር ገብቷል፤ ከጣሪያ ቆርቆሮ የወደቀ፣ ግማሹ ዝገት የበላው። አጎቴ ካራቸውን አወጡ፤ ቆፍረው ሊያወጡት ነው።

"ጋሼ፣ ይቆዩ። ይህን ይሞክሩት" አልኳቸው።

የሰጠኋቸው ሌዘርማን ዌቭ ነው። እጀታውን ዘርግቼ ፒንሳውን አሳየኋቸው። የምስማሩን አናት ያዙ፤ አንዴ ወዘወዙ፤ ወጣ። ደሙን በጨው ውሃ አጠቡለት። ከዚያ መሣሪያውን እያገላበጡ ያዩት ጀመር። መጋዙን ከፈቱ፣ ዘጉ። ሞረዱን በጥፍራቸው ሞከሩ። መቀሱን ሲያገኙ ሳቁ።

"ይሄስ ካራ አይደለም ልጄ። የብረት ሱቅ ነው በኪስህ የያዝኸው።"

እውነት ነው። ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ፣ ሁለት ስለት፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ መቀስ፣ ሁለት ገጽ ያለው ካቻቢቴ። ከውጭ የሚከፈቱት አራቱ ትልልቅ መሣሪያዎች ይቆለፋሉ። የመቆለፍ ነገር ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ይህ ከመካከለኛው ሰንጢ ይልቅ ለጣት ይራራል።

ይከብዳል ግን። 241 ግራም፤ ሩብ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሱሪ ኪስ ውስጥ ጭን ይመታል፤ ስትቀመጡ ይወጋል። በሰገባው ቀበቶ ላይ ስታስሩት ደግሞ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ቀለል ያለው ስኬለቱል 142 ግራም ነው፤ ፒንሳ፣ አንድ ስለት፣ ካቻቢቴና ጠርሙስ መክፈቻ ይዞ መቀስ የለውም። መቀስ አልፈልግም የሚል ሰው ካለ እሱ ይግዛው። እኔ ከነጭረቴ አልስማማም።

ለማን ነው? ለኤሌክትሪክና ለሶላር ሠራተኛ፣ ለባጃጅና ለሞተር ነጂ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ላለው የመስኖ ገበሬ። መርዓዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ሰው የቧንቧ ሽቦ ስንት ጊዜ እንደሚያጠብቅ ያውቀዋል። ፒንሳ የሌለው ሰንጢ ለእሱ ግማሽ ሰንጢ ነው።

አንድ ነገር ግን በቀይ ቀለም ልጻፍ። እጀታው ራቁቱን የሆነ ብረት ነው። 220 ቮልት ያለበት ሽቦ ላይ አይነካም። ማብሪያውን አጠፋሁ ማለት አይበቃም፤ ቆጣሪው ላይ አጥፉት፣ ወይም ፕላጉን ንቀሉት። የቀዩ ሰንጢ ፕላስቲክም አያድናችሁም፤ ውስጡና ዳሩ ብረት ነው። ሶላር ላይም "12 ቮልት ምን ያደርጋል?" እየተባለ ይቀለዳል። ፒንሳው የባትሪውን ሁለት ራሶች አንድ ላይ ከነካ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል፤ ብረቱ ይግላል፤ እጅ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የባትሪ ሥራ ላይ መጀመሪያ አንዱን ራስ በጨርቅ እሸፍናለሁ።

"ባለ 11"፣ "ባለ 15"

መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡት ናቸው። ሱቅ በደረቴውም ይዟቸው ይዞራል። ከላይ ሌዘርማን ወይም ስዊስ ይመስላሉ። ዋጋቸው ልብ ይሰርቃል።

እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዱን ገዛሁ። ጥቁር ነው፤ የሚቆለፍ ስለት አለው፤ ሻጩ በአንድ እጁ ጠሽ አድርጎ ከፍቶ ሲያሳየኝ ልቤ ቀለጠ። በሦስተኛው ሳምንት የሽቦ ማሳለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ ስቆርጥበት ስለቱ ቱቦው ውስጥ ያዘ። ላወጣው ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁት። መቆለፊያው ተንሸራተተና ስለቱ በሌባ ጣቴ ላይ ተዘጋ። ጤና ጣቢያ ሦስት ጥልፍ ተሰፋሁ። ጠባሳው ብርድ ሲሆን ዛሬም ይጠዘጥዘኛል።

ሲሻለኝ ፈታሁት። ስለቱን ደግፎ መያዝ ያለበት የውስጥ ልባጥ ብረት የቆርቆሮ ያህል ስስ ነበር። የስለቱን ሥር የሚነካው ደግሞ በጠርዙ ብቻ ነው፤ የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሆንም። መቆለፊያ አለው ብዬ አምኜው ነው ያን ያህል የገፋሁት። የማይቆለፍ ቢሆን እጠነቀቅ ነበር። የማይታመን መቆለፊያ ጨርሶ ከሌለው ይብሳል።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል። ግድ ከሆነ ስለቱን እርሱትና ለጠርሙስ መክፈቻነቱ ግዙት።

ይህን ስል የቻይና ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በራሳቸው ስም የሚሠሩ፣ ስማቸውን ብረቱ ላይ የሚጽፉ፣ ደህና ዕቃ የሚያወጡ አሉ፤ ኔክስቱል አንዱ ነው። የምጠላው የሌላ ሰው ስም የለጠፈውን ነው። በስሙ የዋሸ በብረቱም ይዋሻል።

ካራውስ?

ካራ ባለ ብዙ መሣሪያ አይደለም። ቢሆንም ከንጽጽሩ ካወጣሁት አጎቴ ይታዘቡኛል። የቀጥቃጭ ካራ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ጣት ላይ አይዘጋም። ማጠፊያ የለውም፤ ስለዚህ ጤፍና አቧራ አይገባበትም። ድንጋይ ላይ ይሳላል። ለወጥ ቤት፣ ለሥጋ፣ ለድንች፣ ለሸንኮራ ሰንጢ አይደርስበትም። ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ካራ ካለው ሌላ ስለት አይግዛ፤ በብሩ ደህና ካቻቢቴ ይግዛበት።

ታጣፊ ካራ የሚመስለው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። ከ1890 ጀምሮ ይሠራል። እጀታው እንጨት ነው፤ ከአንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው። ቀለበቱ ከዞረ ስለቱ አይታጠፍም። ይህ የመቆለፊያ ቀለበት የተጨመረበት በ1955 ነው። ቁጥር 8 የሚባለው ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብርቱካንና ድፎ ዳቦ እንደሱ የሚቆርጥ የለም። የማይዝገውን ግዙ። ዝገት የሚይዘው የተሻለ ይሳላል፤ ነገር ግን በጎጃም ክረምት አንድ ሌሊት ሳይወለወል ካደረ ቡናማ ሆኖ ያድራል። እርጥበት ሲያገኝ እንጨቱም ያብጥና ስለቱ አልከፈት ይላል።

የባንክ ካርድ የሚመስሉት ጠፍጣፋ ብረቶች? ሁሉንም ይሠራሉ ይባላል። አንዱንም አይሠሩም።

ፈታሽ ፊት

"ደህንነት" ሲባል ሰው ጣቱን ብቻ ያስባል። በዚህ ጊዜ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ነገር ሲወጣ ምን ይመስላል የሚለውም ደህንነት ነው።

መናኸሪያ በር ላይ ፈታሹ ሱፐር ቲንከሬን አወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካቻቢቴ ነው ወንድሜ። ሶላር ነው የምሠራው።"

ከፈተው። እድሌ ሆኖ መጀመሪያ የወጣለት መቀሱ ነው። ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ጥቁር፣ በአንድ እጅ የሚከፈት ይዞ ነበር። የሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ልጁ ለብርቱካን ነው አለ፤ ምናልባትም ለብርቱካን ነው። ማን ይመነው?

ሰንጢ የሚለው ቃል ራሱ ስሙ ከዱርዬ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጥቁር ቀለም፣ የጥርስ ስለት፣ የጩቤ ጫፍ፣ በአንድ እጅ ጠሽ የሚል አከፋፈት፤ እነዚህን ተዉአቸው። በጥፍር ተይዞ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ የሚከፈት ሰንጢ ሰው አያስደነግጥም። ቀይ ቀለም ደግሞ ሣር ውስጥ ሲወድቅ ይገኛል።

ፍተሻ የሚበዛበት መንገድ ከሆነ ትልቁን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለስብሰባና ለለቅሶም ቤት ይቅር። ከተወሰደባችሁ አትከራከሩ። ከባሕር ዳር ስትበሩ ስለት ያለው ሁሉ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ወደ ጭነት በሚሄደው ውስጥ አድርጉት። ብዙ ሰው የሚቀማው ትልቁን አይደለም፤ ቁልፉ ላይ እንደተንጠለጠለ የረሳውን ትንሹን ነው። ስለት የሌለው ጄትሴተር የሚባል ትንሽ ዓይነት አለ፤ መቀስ ግን አለው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ከቤት አንድ የመስቀል ብሎንና አንድ ፌስታል በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ይስቅ።

ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አስገቡት። ሳይወላወል ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ብሎኑን በፒንሳ አስይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ አዙሩ። ለስላሳ ብረት ከሆነ ጫፉ ወዲያው ይላጣል። ቀጥሎ ፌስታሉን በመቀሱ ቁረጡ። መጥፎ መቀስ ወረቀት ይቆርጣል፤ ፌስታል ላይ ግን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። እስካሁን በዚህ ፈተና የተታለልኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ሁሉንም ዘግታችሁ ወደ ሰማይ አንሱት። በመሣሪያዎቹ መሐል ብርሃን የሚያሳይ ሰፊ ክፍተት ካለ አቀማመጡ ተንጋዷል። ስለቱን ከፍታችሁ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። መወዛወዝ የለበትም። የሚቆለፍ ከሆነ ጣቶቻችሁን ከመንገዱ አውጡና የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ በእርጋታ ተጫኑት። አትምቱት። ከተንሸራተተ መልሱለት። ፒንሳ ካለው ጫፉን ዘግታችሁ አንድ ቀጭን ወረቀት አስይዙት፤ ስትስቡ ካመለጠ እሾህም ሽቦም አይይዝም።

አንዳንድ ሻጭ ማግኔት አውጥቶ "ኦርጂናሉን ማግኔት አይስበውም" ይላል። አትስሙት። የማይዝግ የሰንጢ ብረት ማግኔት ይስበዋል። የማይሳበው የድስትና የማንኪያው ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ስለት አይይዝም።

ስለ ዋጋ ብር ብጠቅስ ወር ሳይሞላ ውሸታም እሆናለሁ። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ መወሰን ከጀመረ የውጭ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። በውጭ አገር ሱቅ ክላሲክ ኤስዲ ከዌቭ በብዙ ይረክሳል፤ ዌቭ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ዘመድ ሲመጣ ምን ላምጣልህ ካላችሁ፣ ትንሹን ብትጠይቁ አታሳፍሩትም። ትልቁን ከፈለጋችሁ ብሩን ላኩለት። ሌዘርማን የ25 ዓመት፣ ቪክቶሪኖክስ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ። ከዚህ ሆኖ መልሶ መላክ ግን ከአዲሱ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ ዋስትናውን እንደ ምርቃት ቁጠሩት።

ለእንክብካቤው ብዙ አይፈልጉም። ጭቃ ከገባበት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከፈት ዘጋ፣ ማድረቅ፣ አንድ ጠብታ ዘይት። በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ጋ የማሽን ዘይት አይጠፋም። የኑግ ዘይት አታድርጉ፤ ውሎ አድሮ ይጣበቃል። መሳያ ከሌላችሁ የቡና ስኒ ገልብጡ። ከሥሩ ያለው ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት ስለት ያወጣል። ስለቱን 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሳቡት። ስኒው የባለቤታችሁ ከሆነ አስፈቅዱ።

እኔ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ያለው ሱፐር ቲንከሩ ነው። ቁልፌ ላይ ትንሹ ተንጠልጥሏል። ሌዘርማኑ የለም። ያን ቀን ሰናን "በሬው እስኪያገግም እኔ ዘንድ ይክረም" ብለው አጎቴ አስቀሩት። መስቀል ሲያልፍ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ በሬው ዳነ?"

"ተመስገን፣ ድኗል። ትናንትም ሲያርስ ውሏል።"

"እንግዲያ ያን ብረት ልመጣና ልውሰደው።"

ትንሽ ዝም አሉ።

"አሁን ደግሞ በቅሎዋ እያነከሰች ነው ልጄ።"